ሮቶውን ከፓምፑ ጋር ማነጋገር፦ የአርኤስ-485 እና የሞድበስ አሠራር

ከቆቦ እስከ ሐርቡ ጉድጓድ አስቆፍሮ አትክልት የሚያለማ ሰው ብዙ አለ። አቀማመጡም ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ፓምፑ ታች ነው፣ ሮቶው ጉብታው ላይ። በመሃል ሁለት ሦስት መቶ ሜትር አለ። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ታች ያለው ሰው አያውቅም። ማለቁንም የሚያውቀው ቧንቧው አየር ሲተነፍስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ይላል።

ይህ መመሪያ ያንን መንገድ በሽቦ ለመተካት ነው። የሽቦው አሠራር አርኤስ-485፣ በላዩ የሚነገረው ቋንቋ ሞድበስ ይባላል። ላይ አንድ ትንሽ ቦርድ የውሃውን ከፍታ ይለካል። ታች ሌላ ቦርድ እየጠየቀ ፓምፑን ያስነሳል፣ ያጠፋል። አርዱይኖ ላይ መብራት አብርቶ ያጠፋ ሰው ሊከተለው ይችላል። ከ380 ቮልቱ ጋር የሚገናኘውን ክፍል ግን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተው። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ለምን አርኤስ-485?

ቦርድ ላይ ብዙ መነጋገሪያ መንገድ አለ። አይቱሲ አለ፣ ኤስፒአይ አለ፣ ተራው ዩአርት አለ። ሦስቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ላሉ ዕቃዎች ጥሩ ናቸው። አይቱሲ ለምሳሌ መስመሩ ላይ ከ400 ፒኮፋራድ (ሽቦው ቻርጅ የማጠራቀም አቅሙ መለኪያ) በላይ እንዲኖር አይፈልግም። የኔትወርክ ኬብል በሜትር 50 ያህል ፒኮፋራድ አለው። 8 ሜትር ላይ ኮታህን ጨረስክ ማለት ነው። ዩአርትም ቢሆን አንዱን ሽቦ ከመሬት ሽቦው ጋር እያነጻጸረ ነው የሚያነበው። ረጅም መንገድ ላይ ሞተር በተነሳ ቁጥር ያ ንጽጽር ይዛባል።

አርኤስ-485 ሌላ ዘዴ አለው። አንዱን መልእክት በሁለት ሽቦ ይልካል፣ ኤ እና ቢ ይባላሉ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ብቻ ነው፣ 200 ሚሊቮልት ልዩነት ይበቃዋል። ሽቦዎቹ አብረው የተገመዱ ስለሆኑ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካል። ልዩነቱ ግን እንዳለ ይቆያል። በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፣ ዛሬም ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል።

«ዋይፋይ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ተራው ዋይፋይ ከፓምፕ ቤት ቆርቆሮ ወጥቶ ጉብታ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ትችላለህ። እኔ ሽቦውን እመርጣለሁ። ሽቦ ሲበላሽ በቴስተር ይገኛል።

ሽቦውን መምረጥ

ካት-5ኢ የኔትወርክ ኬብል ይበቃል። ደሴም ኮምቦልቻም ኮምፒውተር መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አያጣውም። ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት ጫፉን አስልጠህ አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ዋጋው ይረክሳል፣ ግን የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከመዳብ በግማሽ ገደማ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ የሆነውን ውሰድ።

ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንድ አለ። እንዲህ ተከፋፍለው፦

ብርቱካናማው ጥንድ ለኤ እና ለቢ። ሁለቱ ከአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። አንዱን ከብርቱካናማ አንዱን ከአረንጓዴ ካደረግህ መገመዱ ዋጋ የለውም።

አረንጓዴውና ቡናማው ለኃይል። ሙሉ ቀለሞቹን አንድ ላይ አስረህ ፖዘቲቭ፣ ነጭ መስመር ያለባቸውን አንድ ላይ አስረህ ኔጋቲቭ አድርግ።

ሰማያዊው ለተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ። ለምን እንዳስፈለገ በኋላ እመጣበታለሁ።

የኃይሉ ነገር ትንሽ ሒሳብ ይፈልጋል። የዚህ ኬብል አንድ ሽቦ በ300 ሜትር 25 ኦም ያህል ይቋቋማል። ሄዶ መመለሻው 50 ኦም ነው። ከታች 5 ቮልት ልከህ ላይ ያለው ቦርድ 100 ሚሊአምፔር ሊስብ ቢሞክር 5 ቮልቱ በሙሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ 24 ቮልት ላክና ላይ ኤልኤም2596 በሚባለው ርካሽ ማውረጃ ወደ 5 አውርደው። ያኔ ከመስመሩ የሚሳበው 30 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ሁለት ጥንድ ስለተጠቀምክ የሚባክነው ከ1 ቮልት በታች ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ፦ ማውረጃውን ከቦርዱ ጋር ሳታገናኝ መጀመሪያ ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞርክ ቴስተሩ 5 እስኪል አስተካክል። ከሱቅ ሲመጣ ስንት ላይ እንደቆመ አታውቅም።

በዚህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለ። ላይኛው ሳጥን የራሱ መሬት የለውም፣ ዜሮውን ከታች ይወስዳል። ስለዚህ በሁለት ቦታ መሬት መካከል የሚፈጠረው የቮልት ልዩነት አያስቸግርህም። ላይ ለብቻው መሬት አትቅበርለት።

ላይኛው ሳጥን

አርዱይኖ ናኖ፣ የናኖውን ዩአርት ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ማክስ485 ሞጁል፣ በድምፅ ርቀት የሚለካ ውሃ የማያስገባ የአልትራሶኒክ ሴንሰር። ይኸው ነው።

ሴንሰሩ በጣም የቀረበውን ነገር አያይም። ከ25 ሴንቲሜትር በታች ያለው ርቀት ላይ የሚናገረውን አትመን። ስለዚህ ውሃው ከሚደርስበት የመጨረሻ ከፍታ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሮቶው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ቀጥ ወደ ታች ይሰቀል። ቧንቧው ውሃ የሚደፋበት ቦታ ላይ አታድርገው፤ ፏፏቴውን ይለካልሃል።

የማክስ485 አርኦ ከናኖው ፒን 0፣ ዲአይ ከፒን 1 ይገናኛል። ዲኢ እና አርኢ የሚባሉት ሁለቱ አንድ ላይ ይታሰሩና ከፒን 2 ጋር ይገናኛሉ። ይህ ፒን ከፍ ሲል ሞጁሉ ይናገራል፣ ዝቅ ሲል ያዳምጣል። መስመሩ አንድ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም።

ናኖው ያለው አንድ ዩአርት ብቻ ነው፣ እሱንም ከዩኤስቢው ጋር ይጋራዋል። ስለዚህ ፕሮግራም በምትጭንበት ጊዜ ፒን 0 ላይ ያለውን ሽቦ ንቀል። ካልነቀልክ መጫኑ እምቢ ይልና ቦርዱ የተቃጠለ ይመስልሃል። ደህና ነው፣ አልተቃጠለም።

ታችኛው ሳጥን

እዚህ ኢኤስፒ32 የሚባለውን ቦርድ ተጠቀም። ሦስት ዩአርት አለው፣ ፕሮግራም መጫኛውን ሳትነካ ፒን 16 እና 17 ላይ ሁለተኛውን ማግኘት ትችላለህ። ነገር ግን ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት የሚሠራ ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ ማክስ485 በቀጥታ ከሰካህበት ፒኑን ልትጎዳው ትችላለህ። ማክስ3485 የሚባለውን የ3.3 ቮልት ወንድሙን ግዛ። ላይ 5፣ ታች 3.3 መሆኑ መስመሩን አይረብሸውም። ተቀባዮቹ የሚያዩት ልዩነቱን ነው ብለናል።

ሪሌው (ቦርዱ የሚያዝዘው ትንሽ ማብሪያ) ኮንታክተሩን (የፓምፑን ኃይል የሚያበራውን ትልቅ ማብሪያ) ያስነሳል፣ ኮንታክተሩ ደግሞ ፓምፑን። ሪሌ ሞጁል ስትገዛ ሲግናሉ ከፍ ሲል የሚበራውን ምረጥ። ዝቅ ሲል የሚበራው ቦርዱ በሚነሳበት ቅጽበት ፓምፑን ጠቅ አድርጎ ሊያስነሳ ይችላል። ለሪሌው ፒን 25ን ወይም 26ን ተጠቀም፣ ከፒኑ ወደ ዜሮ 10 ኪሎኦም አስገባ። 0፣ 2፣ 12 እና 15 ቦርዱ ሲነሳ ለራሱ የሚያነባቸው ስለሆኑ አትንካቸው።

ቋንቋው

አርኤስ-485 ሽቦው እንዴት እንደሚናገር እንጂ ምን እንደሚናገር አይወስንም። ለዚያ ሞድበስ አለልን። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎቹ ያወጣው ነው። አሮጌ ነው፣ ቀላል ነው፣ ስለዚህም አልሞተም። አንድ ጠያቂ አለ፤ የእኛው ኢኤስፒ32 ነው። ሌሎቹ ካልተጠየቁ ትንፍሽ አይሉም። እያንዳንዱ መላሽ ከ1 እስከ 247 ባለው ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። የእኛ ናኖ 1 ይሁን።

ናኖው ውስጥ ሦስት ሳጥን አስብ፣ ሬጂስተር ይባላሉ። ሬጂስተር 0 የውሃው ከፍታ በሴንቲሜትር። ሬጂስተር 1 ሴንሰሩ ደህና መሆኑን የሚናገር ምልክት። ሬጂስተር 2 ደግሞ ናኖው በትክክል በለካ ቁጥር አንድ እየጨመረ የሚሄድ ቆጣሪ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለለው።

ኢኤስፒ32 ከፍታውን ሲጠይቅ መስመሩ ላይ የሚሄደው ይህ ነው፣ በተራ ቁጥር ስጽፈው፦

1፣ 3፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 132፣ 10

የመጀመሪያው 1 «ቁጥር 1 ሆይ» ማለት ነው። 3 «ሬጂስተር አንብብልኝ» ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች «ከሬጂስተር 0 ጀምረህ» ይላሉ፣ 0 እና 1 «አንድ ብቻ»። 132 እና 10 ሲአርሲ የሚባለው ማረጋገጫ ናቸው፤ ከፊታቸው ካሉት ባይቶች በስሌት ይወጣሉ። አንድ ቢት መንገድ ላይ ቢገለበጥ ስሌቱ አይገጥምም፣ ናኖውም መልእክቱን ይጥለዋል። ውሃው 147 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ መልሱ ይህ ነው፦

1፣ 3፣ 2፣ 0፣ 147፣ 248፣ 41

2 «ሁለት ባይት እየላክሁ ነው» ማለት ነው። 0 እና 147 ከፍታው፣ የቀሩት ሲአርሲ። ጥያቄና መልሱ አንድ ላይ 15 ባይት ናቸው። በ9600 ፍጥነት 17 ሚሊሰከንድ አይፈጁም። ፍጥነት ለመጨመር አትጓጓ፣ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

መልእክት አለቀ የሚባለው በዝምታ ነው። የሦስት ተኩል ባይት ያህል ጊዜ፣ በ9600 ላይ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ምንም ካልመጣ መልእክቱ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራምህ ባይቶቹን በመሃል እያቆመ አይላክ።

ሲአርሲውን ራስህ መጻፍ አያስፈልግህም። ለጠያቂው ሞድበስማስተር የሚባል የአርዱይኖ ላይብረሪ አለ። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ ዲኢ ፒኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን ሁለት ትንንሽ ፈንክሽኖች አንተ ነህ የምትሰጠው። ሁለተኛ፣ መልስ ካልመጣ 2 ሰከንድ ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ አይሠራም።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ

ጉብታው ላይ ወጥተህ አትሞክር። ሁለቱንም ቦርዶች ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ሽቦ አገናኛቸው። ዩኤስቢን ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ካገኘህ ሦስተኛ አድርገህ ላፕቶፕህን ሰካው። የሚያልፈውን ሁሉ ታያለህ። ከላይ የጻፍኳቸውን ባይቶች ስታይ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ጥያቄው እየታየ መልስ ከሌለ መጀመሪያ ኤ እና ቢን አቀያይር። አምራቾች አይስማሙበትም፣ ሲቀያየርም ምንም አይቃጠልም። ቀጥሎ የፓሪቲ (ከእያንዳንዱ ባይት ጋር የሚሄድ የማረጋገጫ ቢት) ምርጫው ሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን እይ። መልሱ እየመጣ የመጨረሻው ባይት ከተቆረጠ ደግሞ ዲኢ ቀድሞ ወርዷል። «ላክ» ያልከው ባይት ገና ከቺፑ ሳይወጣ ፒኑን ዝቅ አድርገህበታል። በፍላሽ (flush) ትእዛዝ እስኪወጣ ጠብቅና ከዚያ አውርድ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የሌላ ሬጂስተር ከመሰለ መመሪያዎች 40001 የሚሉት መስመሩ ላይ 0 መሆኑን አስታውስ። በአንድ መሳት የተለመደ ነው።

ዝም ሲልስ?

ሁሉም ነገር ሲሠራ ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ውሃው ከ60 ሴንቲሜትር በታች ሲወርድ አስነሳ፣ 160 ሲደርስ አጥፋ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይኑር፣ አለዚያ ፓምፑ በየደቂቃው ሲነሳ ሲተኛ ይውላል። ሞተር የሚገድለው መነሳቱ ነው።

ከባዱ ያ አይደለም። ከባዱ መልስ ያልመጣ ጊዜ ምን ይሁን የሚለው ነው። ጃርት ኬብሉን በላው እንበል። ኢኤስፒ32 መጨረሻ የሰማው 90 ሴንቲሜትር ነው። አላዋቂ ፕሮግራም 90ን ይዞ ፓምፑን ሌሊቱን ሙሉ ያስሮጠዋል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ ትክክለኛ መልስ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ፓምፑ ይቁም። በየ5 ሰከንዱ ጠይቅ። አንድ ሁለቴ ቢስት አትደንግጥ፣ 30 ሰከንዱ ለዚያ በቂ ነው። አዲስ መልስ በመጣ ቁጥር ብቻ ሰዓቱን ወደ ዜሮ መልስ።

ሌላ ዝምታም አለ፣ የሚያወራ ዝምታ። ናኖው ደህና ነው፣ ይመልሳል፣ ሲአርሲው ይገጥማል። ሴንሰሩ ግን ቆሟል፣ ናኖውም ያንኑ አሮጌ 90 ይደጋግማል። የሬጂስተር 2 ቆጣሪ ለዚህ ነው። ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ መልሱን እንዳልመጣ ቁጠረው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ደርቆ ቢቆምስ? ዋችዶጉን አብራ። ፕሮግራሙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልነካው ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳ ሰዓት ነው። ላይብረሪው 2 ሰከንድ እንደሚጠብቅ አትርሳና ዋችዶጉን 8 ሰከንድ ላይ አድርገው። ከዚህም አልፎ ሰማያዊው ጥንድ አለ። ሮቶው ውስጥ ሲሞላ የሚከፈት ተንሳፋፊ ማብሪያ ስቀል፤ ሰማያዊው ጥንድ ታች ያለች ትንሽ የ24 ቮልት ሪሌን በእሱ በኩል ይያዛት። ያቺ ሪሌ ከኮንታክተሩ መስመር ጋር በተከታታይ ትገባለች። ሮቶው ሲሞላ ትለቃለች፣ ኬብሉ ሲቆረጥም ትለቃለች። ፕሮግራም የሚባል ነገር አታውቅም፣ ለዚያ ነው የምወዳት።

የፓምፕ ቤት ጠባቂዎች ጥያቄ ያውቃሉ። አንድ አባት ሳጥኑን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ?» አሉኝ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ይጠፋል» አልኳቸው።

«እሱማ ገባኝ። ሲመጣስ?»

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይጠፋ ይመጣል፣ ቮልቱም እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ኢኤስፒ32 ሲነሳ ሪሌው ጠፍቶ ይጀምር። 3 ደቂቃ ይጠብቅ። ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ጥሩ መልስ ይስማ። ከዚያ በኋላ ብቻ ያስነሳ። ከቆመ በኋላም እንደገና ለመነሳት ያንኑ 3 ደቂቃ ይታገስ።

ወደ ጉብታው

ኬብሉን ከማረሻ ጥልቀት በታች ቅበረው፤ ግማሽ ሜትር ጥሩ ነው። ከአይጥና ከጃርት እንዲተርፍ በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው። ከፓምፑ የኃይል ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ አታስገባው። መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ብቻ ይለፉ። በናስተር ጠቅልሎ መቅበር አይሠራም፤ መቀጠል ካለበት ከመሬት በላይ ሳጥን ውስጥ ይቀጠል።

በሁለቱም ጫፍ ኤ እና ቢ መካከል 120 ኦም ይግባ። ይህ መልእክቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ ነው። ብዙ ርካሽ ሞጁሎች 120 ኦሟ ተበይዳባቸው ነው የሚመጡት፣ ሳታይ ሌላ አትጨምር። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኃይሉን አጥፋና ታች በኩል ኤ እና ቢን በቴስተር ለካ። አጭር ሽቦ ላይ 60 ይላል። 300 ሜትር ላይ የኬብሉ 50 ኦም ስለሚጨመር 70 ገደማ ያሳይሃል። 120 ካለ የላይኛው የለም ወይም ኬብሉ ተቆርጧል። 50 ወይም ከዚያ በታች ካለ አንድ ቦታ ትርፍ ገብቷል።

ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ አለ። ጉብታ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ይጠራዋል። ቀጥታ የመታውን የሚያድን የለም፤ አካባቢ የወደቀውን ግን ኤስኤም712 የሚባለው ቲቪኤስ ዳዮድ (ድንገት የሚመጣን ከፍተኛ ቮልት የሚያሳልፍ ዕቃ) ይቀንሰዋል። ለአርኤስ-485 ተብሎ የተሠራ ነው። በሁለቱም ጫፍ ከሞጁሉ አጠገብ አስገባ። የማክስ485 ቺፕ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ዓይነት ካገኘህ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ያዝ። ክረምት ላይ ካውያ ይዞ ጭቃ መውጣት አይመችም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ እያበላሸህ ሞክረው። ፓምፑ እየሠራ የኤ ሽቦውን ንቀል፣ በ30 ሰከንድ መቆም አለበት። የሴንሰሩን ሽቦ ንቀል። ተንሳፋፊውን በእጅህ አንሳው። ዋናውን ብሬከር አጥፍተህ መልስና 3 ደቂቃውን ቁጠር። አንዱ እንኳ ካልሠራ ለባለቤቱ አታስረክብ።

ሁለተኛ ሮቶ ሲመጣ

ቲማቲሙ ሲሰፋ ሁለተኛ ሮቶ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ከፓምፕ ቤቱ አዲስ ኬብል አትሳብ። ከመጀመሪያው ሮቶ ሳጥን ቀጥለህ ወደ ሁለተኛው ውሰደው። መስመሩ እንደ ሰንሰለት ይሂድ እንጂ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አይበታተን። መጀመሪያው ሮቶ ላይ ያለው 120 ኦም ይነቀልና ወደ አዲሱ ጫፍ ይሄዳል። አዲሱ ናኖ ላይ ያው ፕሮግራም ይጫናል፣ ቁጥሩ ብቻ 2 ይሆናል። የ24 ቮልቱን መባከን እንደገና አስላ። ተንሳፋፊዎቹ ደግሞ ሁለቱም ሮቶዎች በአንድ ቧንቧ የሚሞሉ ከሆነ በተከታታይ ይታሰሩ፣ አንዱ እንኳ ሲሞላ ፓምፑ ይቆማል፤ ለየብቻ ቫልቭ ካላቸው ግን ሰማያዊው ጥንድ ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ኬብል ያስፈልጋል።